ስለ አዲስ አበባ ከሁለት መንገደኞች የሰማሁት

ሳጉሬ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በአዳማና በአሰላ አድርጎ ወደ ባሌ ተራሮች የሚሄድ ብዙ መንገደኛ በመካከላችን ያልፋል፤ ነገር ግን የሚበዛው በመኪናው መስኮት አይቶን ይሄዳል እንጂ አይወርድም። እኛም አንቀየመውም፤ ገብስና ስንዴ፣ ፈረስና ጋሪ፣ ከወደ ምሥራቅም ደመና የተከናነበውን ጭላሎን ካየ ሳጉሬን አይቷል ለማለት ይቻላልና።

በ2017 ዓ.ም. በኅዳር ወር ግን ወደ ባሌ የሚሄድ አንድ አውቶቡስ ከከተማችን መካከል ተበላሽቶ ቆመ። የጐደለው ዕቃ ከአሰላ እስኪመጣ ድረስ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ በየሻይ ቤቱ ተበተነ። ከነዚያም መካከል ሁለት ፈረንጆች ነበሩ፤ አንዲቱ ስድሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት፣ ሁለተኛው የእኅትዋ ልጅ የሆነ ወጣት። እያንዳንዳቸው ከወገብ እስከ ራስ የሚደርስ ከረጢት በጀርባቸው አዝለዋል። እንዲህ ያሉትን መንገደኞች በባሕር ማዶ «ባክፓከር» ይሏቸዋል፤ ጓዙን በጀርባው የተሸከመ ማለት ነው። ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከጐጃም ጐንደር፣ ከጐንደር ወሎ የሚዞረው የቆሎ ተማሪ ይህን ኑሮ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ልዩነቱ ተማሪው የሚሄደው መምህር ፍለጋ መሆኑ ነው፤ እነዚህ ግን ምን ፍለጋ እንደሚሄዱ ብጠይቃቸው እርስ በርሳቸው ተያዩና ሣቁ እንጂ አልመለሱልኝም።

በከተማችን እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት በሻይ ቤቱ የተገኘሁት እኔ ስለ ነበርሁ ማስተርጐሙ በእኔ ላይ ወደቀ። ሀገራቸው ስዊድን መሆኑን በተናገሩ ጊዜ፣ ከጥግ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ «ካዱ!» ብለው ተነሡና ሁለቱንም ጨበጧቸው። ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ የስዊድን መንግሥት ከሀገራችን መንግሥት ጋራ ተባብሮ በጭላሎ አውራጃ ያቋቋመው የእርሻ ልማት ሥራ ካዱ ይባል ነበርና፣ በዚህ ደጋ ዕድሜ የጠገበ ሰው ስዊድን ሲባል የሚታወሰው የተመረጠ የስንዴ ዘርና የወተት ላም ነው። ወጣቱ ስለዚህ ነገር ከቶ ሰምቶ ስለማያውቅ የሽማግሌውን እጅ እንደ ያዘ ግራ ተጋብቶ ቆመ።

ቡናው እስኪፈላ ድረስ አዲስ አበባን እንዴት እንዳገኟት ጠየቅኋቸው። የጠየቅሁት ግን ለጨዋታ ያህል አልነበረም። ምክንያቱን ለአንባቢ መናገር ይገባኛል።

እናቴ ከሞተች በኋላ እንደ እናት ያሳደጉኝ አክስቴ ከአርባ ዓመት በላይ የኖሩት በፒያሳ ዶሮ ማነቂያ በሚባለው ሰፈር ነበር። እኔም ለትምህርትም ሆነ ለጉዳይ አዲስ አበባ ስሄድ የማርፈው በእርሳቸው ቤት ነው። በ2016 ዓ.ም. ያ ሰፈር ለከተማው ማስፋፊያና ማሳመሪያ ሥራ ሲፈርስ፣ አክስቴ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ተዛወሩ። ሊነሡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው በስልክ ጠርተውኝ ነበር። እኔ ግን መሄድ ሲገባኝ፣ «እትዬ፣ አይዘኑ፤ ለከተማው ዕድገት ነው፤ እርስዎም ውኃና መጸዳጃ በቤትዎ ውስጥ ያገኛሉ» ብዬ መከርኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው «ይሁን ልጄ» አሉኝ። ዕቃቸውን የጫነላቸው የጎረቤት ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ያህል ወደ አዲስ አበባ አልወጣሁም ነበር፤ ለሚጠይቀኝም አንድ ጊዜ አጨዳ፣ አንድ ጊዜ የልጆች ትምህርት እያልሁ አመካኝ ነበር።

መጀመሪያ የተናገረው ወጣቱ ነው። ወደ እኛ የመጣው ከታይላንድ ዋና ከተማ ከባንኮክ ስለ ነበረ የሚያወዳድረው ሁሉ ከዚያው ጋራ ነው። «በዚያ ሳለሁ በሀገሩ አቆጣጠር ዓመቱ 2567 ነበር፤ አንድ ሌሊት በአውሮፕላን በርሬ ብወርድ 2017 ሆነ፤ በአንድ ሌሊት 550 ዓመት ጐልምሼ የማላውቀውን ያህል ወጣትሁ» አለን። የሰዓታችን ነገርም እንዲሁ አስቸግሮታል። አውቶቡሱ በ11 ሰዓት ይነሣል ብለውት፣ ሌሊት መሆኑን ሳያውቅ ረፋዱ ላይ በ5 ሰዓት መናኸሪያ ደረሰ፤ በእርሱ የእጅ ሰዓት 11 ነውና። በዚህም ምክንያት አንድ ቀን ሙሉ ከሰረ።

ባንኮክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1782 የተቆረቆረች ስትሆን፣ የሀገሩ ሰዎች በቋንቋቸው የመላእክት ከተማ ይሏታል። በጀርባቸው ተሸክመው የሚዞሩት መንገደኞች የሚያርፉበት መንገድ ካኦ ሳን ይባላል፤ ትርጓሜውም የተፈተገ ሩዝ ማለት ነው፤ ጥንት የሩዝ ገበያ ነበረና። ይህን ቢነግረኝ በመርካቶ እህል በረንዳ የሚባል ሰፈር መኖሩን ነገርሁት፤ ስሙ ደስ ስላለው በደብተሩ ጻፈው። ከዚህ ይልቅ እኔን የመሰጠኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ ከተማ ማለዳ ገና ፀሐይ ሳትወጣ የቡድሃ መነኮሳት በባዶ እግራቸው ተሰልፈው፣ ዕቃቸውን ይዘው በየመንገዱ ይሄዳሉ፤ ሕዝቡም ከደጁ ቆሞ ከዕለት ምግቡ ይሰጣቸዋል። ወደ ቤተ ጸሎታቸውም ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ወጣቱ በአራዳ ጊዮርጊስ በር ሰዎች ጫማቸውን ሲያወልቁ ባየ ጊዜ ሳያዝዙት የራሱን አውልቆ ቆመ። ከሩቅ ሀገር የተማረውን ሥርዐት በእኛ ደጅ አገኘው፤ ሃይማኖቱ ሌላና ሌላ ሲሆን።

የሌሊቱ ቅዳሴና ከመስጊድ የሚሰማው አዛን እንቅልፍ እንደ ከለከሉት፣ እንጦጦ ሲወጣም ትንፋሽ እንዳጠረው ነገረን። እኛ ከአዲስ አበባ ከፍ ብለን ስለምንኖር በዚህ ትንሽ ኮራን።

ቀጥሎ የተናገረው ነገር ግን አሳፈረኝ። በፒያሳ አንድ ጐበዝ «ተማሪ ነኝ፣ እንግሊዝኛ ልለማመድ» ብሎ ቀርቦት፣ ወደ አንድ ቤት ወስዶ ቡና አስፈላለት፤ በመጨረሻም የአንድ ሳምንት የአልጋ ኪራይ የሚያህል ሂሳብ አመጡበት። ወጣቱ ፊቴን አይቶ «አትዘን፤ በባንኮክም ባለ ሦስት እግር መኪና የሚነዳ ሰው ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ዝግ ነው ብሎ ወደ ጌጥ ሻጭ ወስዶኝ ነበር፤ በሁለቱም ከተማ ያታለሉኝ እየሣቁ ነው» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነበር፤ እኔን ግን አላጽናናኝም። የሻይ ቤቱ ባለቤት ነገሩን ስተረጉምላት ከእሳቱ ፊት ቀና ሳትል «አቦሉም ቶናውም በረካውም በእኔ ነው፤ እንዳይከፍሉ ንገራቸው» አለች።

በመጨረሻ ስለ ፒያሳ ጠየቅሁት። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ሌሊት እንደ ቀን የሚያበራ መብራት፣ አበባና ሣር ማየቱን በደስታ አወራልኝ። «አዲስ ከተማ ናት፤ በሌሊት ብቻዬን ስሄድ አልፈራሁም» አለ። ይህን ስሰማ ልቤ ተናደደ፤ ነገር ግን ልጁ ያየውን ነው የተናገረው፤ መንገዱ እውነትም ሰፊ ነው።

ሴትዮዋ እስከዚያ ዝም ብላ ነበር። በ1997 ዓ.ም. አንድ ጊዜ መጥታ በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሰንብታ ነበርና፣ በዚያን ጊዜ የያዘችውን የመንገድ መሪ መጽሐፍ አሁንም ይዛዋለች። ሆቴሉ በጥር 2007 ዓ.ም. የእሳት አደጋ እንደ ደረሰበት ሰምታ ስለ ነበረ፣ ቆሞ ስታገኘው ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ ግን ቀድሞ ቡና የጠጣችበትን ጠባብ መንገድ ፍለጋ ወጣች። በካርታው ላይ አለ፤ በምድር ላይ የለም። ሁለት ቀን ዞረች። «ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ ሴቶች በርበሬ ያሰጡ ነበር፤ ሰው ሁሉ በስሙ ይጠራራ ነበር፤ አሁን የትም ሀገር የሚገኝ ጐዳና ሆኗል» አለችና ካርታውን ዘረጋችው። ጣቷ ያረፈበት ስፍራ ዶሮ ማነቂያ ነበር።

በወጣቱ የተናደድሁትን ያህል በእርስዋም ተናደድሁ። የሷ ኀዘን የአክስቴን ኀዘን የሚሻማ መሰለኝ። ስለዚህ ከጨዋነት በወጣ ቃል «እነዚያ በርበሬ የሚያሰጡት ሴቶች አንድ ቦኖ ለስንት ቤት ይጠብቁ እንደ ነበረ ያውቃሉ ወይ? ከመጸዳጃቸውስ ገብተው ያውቃሉ ወይ?» አልኋት። እርስዋም አልተቆጣችም። «አንድ ቀን ገብቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለዚህ ጉዳይ ወደ ሆቴሌ እመለስ ነበር» ብላ እውነቱን ተናገረች። ጥቂት ቆይታም «አንተ ግን ሰፈሩን ታውቀዋለህ መሰለኝ፤ ከፈረሰ በኋላ ሄደህ አየኸው?» አለችኝ።

አላየሁትም ብዬ መለስሁ። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝ ስለ አጨዳ እነግራት ነበር።

የመኪናው ዕቃ በዘጠኝ ሰዓት መጣ። ከመሳፈሯ በፊት ካርታውን ከመጽሐፉ ቆርጣ ሰጠችኝ፤ ለእርስዋ ከእንግዲህ እንደማይጠቅማት ነገረችኝ። ሽማግሌው ለወጣቱ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው ከኪሱ ከተቱለት።

በታኅሣሥ አጨዳው ሲያልቅ ግማሽ ኩንታል ገብስ ጭኜ ወደ አዲስ አበባ ሄድሁ። አስቀድሜ በፒያሳ ወርጄ ካርታውን ይዤ ቆምሁ። ወጣቱም ሴትዮዋም አልዋሹም፤ መንገዱ ሰፊና ንጹሕ ነው፤ የማውቀው ግን አንድም በር የለም። ጫማ የሚጠርግ አንድ ልጅ ካርታውን አይቶ እንግዳ መሆኔን ስላወቀ «ጋሼ፣ የት ነው የሚፈልጉት?» አለኝ። ዶሮ ማነቂያ ብለው «የቆሙበት ነው» ብሎ ሣቀ።

ወደ አክስቴ ቤት ለመድረስ ሁለት ታክሲ መለወጥ አስፈለገኝ። አራተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ገብሱን ተሸክሜ ስወጣ የደረጃውን ቍጥር ሳልወድ ቈጠርሁ፤ ስድሳ አራት ነው። እርሳቸው በዚያ ጕልበታቸው በየቀኑ እንዴት እንደሚወጡት አሰብሁ። በሩን ከፍተው ባዩኝ ጊዜ «ዛሬ ገና?» አሉኝ እንጂ ሌላ ወቀሳ አልወቀሱኝም። ቤታቸው ንጹሕ ነው፤ ቧንቧውን ከፍተው ውኃውን አሳዩኝና ቶሎ ዘጉት፤ በሳምንት የሚመጣው ሦስት ቀን ብቻ ስለ ሆነ በበርሜል ያጠራቅማሉ። መጸዳጃውንም አሳዩኝ፤ «ያልኸው እውነት ነው፤ ይህስ አርፌበታለሁ» አሉ። ከዚያም ወደ መስኮቱ ሄደው «ሰው ግን በሩን ዘግቶ ነው የሚኖረው፤ ቡና አፍልቼ የምጠራው ሰው ለማግኘት ሁለት ወር ፈጀብኝ» አሉኝ።

ቡናው እየተቆላ ካርታውን በጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁላቸው። የፈረንጁን ፊደል ባያነቡትም መነጽራቸውን አድርገው ሰፈሩን ወዲያው ለዩት፤ ጣታቸውን አስቀምጠውም ስሕተቱን ያርሙ ጀመር። «ይህ መንገድ እዚህ አይታጠፍም፤ በቦኖው በኩል አልፎ ነው። የእድሩ ዕቃ ቤት የት ሄደ? አልጻፉትም። ይህ የልብስ ሰፊው ቤት ነው፤ ቀጥሎ የእኔ፤ ከዚያ ያቺ ልጆቿ አረብ ሀገር ያሉት።» እርሳስ አውጥቼ ያሉኝን በካርታው ላይ እጽፍ ጀመር። ስፍራው ስለ ጠበበ ወደ ወረቀቱ ጠርዝ፣ ከዚያም ወደ ጀርባው አለፍሁ። ከምጣዱ ጢስ ሲወጣ አሽታቸውና «እይው፣ አሳረርሁት» ብለው ተነሡ፤ ሌላ ቡና አጥበው እስኪቈሉ ድረስም ከእሳቱ ዘንድ ሆነው ስሞቹን ይነግሩኝ ነበር።