የሚዶ ጥርስ

የልጅነታችን ቴሌቪዥን አንድም ቀን ሙሉ ምስል አሳይቶን አያውቅም። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም፤ አሠራሩ ነው። መስታወቱ ላይ እናየው የነበረው እያንዳንዱ ምስል በሁለት ግማሽ ተከፍሎ የሚመጣ ነበር። መጀመሪያ 1ኛው፣ 3ኛው፣ 5ኛው እያለ አንዱን እየዘለለ የሚወርድ የመስመር ረድፍ ይሣላል፤ ከሰከንድ ሃምሳኛ እጅ በኋላ ደግሞ የተዘለሉት 2ኛው፣ 4ኛው፣ 6ኛው በየክፍተቱ ይገባሉ። ሸማኔ ድሩን ከፍቶ ማጉን በመካከሉ እንደሚያሳልፍ ማለት ነው። ሁለቱን ግማሾች አጋጥመው ሙሉ የሚያደርጓቸው የመስታወቱ ፍካትና የእኛው ዓይን ነበሩ። ፈረንጆቹ ይህን አሠራር ኢንተርሌስ ይሉታል፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ ስብጥር እለዋለሁ።

ስብጥር የተወለደው ከችግር ነው። በሰከንድ 25 ምስል ብቻ ቢላክ መስታወቱ ዓይን እስኪያመው ይርገበገባል። ሃምሳ ሙሉ ምስል ይላክ ቢባል ደግሞ ሞገዱ የሚሸከመው መረጃ እጥፍ ይሆናል። መካከለኛው መንገድ ሃምሳ ግማሽ ምስል መላክ ሆነ። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1936 መጨረሻ ለንደን ከሚገኘው አሌክሳንድራ ፓላስ ስርጭት ሲጀምር ሁለት ተፎካካሪ ዘዴዎችን እያፈራረቀ ይሞክር ነበር፤ የቤርድን ባለ 240 መስመር ሙሉ ምስልና የማርኮኒ-ኢኤምአይን ባለ 405 መስመር ስብጥር። በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1937 መጀመሪያ፣ ስብጥሩ አሸነፈ።

ከዚያ ወዲህ የመጡት የመስመር ቁጥሮችም ጎዶሎ ናቸው፤ የአሜሪካኖቹ 525፣ የአብዛኛው አውሮፓና የእኛ 625። ጎዶሎነቱ በዘፈቀደ አይደለም። ስድስት መቶ ሃያ አምስት ለሁለት ሲከፈል 312 ተኩል ይሆናል፤ ሁለተኛው ግማሽ በመጀመሪያው ላይ ሳይደራረብ ወደ ክፍተቱ እንዲንሸራተት የምታደርገው ያቺ ተኩል መስመር ናት። ጎዶሎ ነገር ሙሉውን ሲያያይዝ ማየት ለእኔ ደስ የሚል ነገር ነው።

ዛሬ ያ መስታወት ከየቤታችን ወጥቷል። የኮምፒውተርና የስልክ ስክሪን መስመሮቹን ሁሉ እኩል ስለሚያበራ፣ በተለያየ ቅጽበት የተያዙትን ሁለቱን ግማሾች በአንድ ጊዜ ያሳየናል። ግድግዳው፣ ጠረጴዛው፣ የተቀመጠው ሰው ደህና ናቸው። የሚንቀሳቀሰው ግን በመጀመሪያው ግማሽ አንድ ቦታ፣ በሁለተኛው ሌላ ቦታ ነውና ጠርዙ ላይ ቀጫጭን አግዳሚ ጥርሶች ያወጣል። ልክ የሚዶ ጥርስ። ያየው ሰው ሁሉ «ካሴቱ ተበላሽቷል» ይላል። ይህ ፍርድ ትክክል አለመሆኑን ያስተማረኝ የአባቴ ትከሻ ነው።

*

ታላቅ እህቴ የተዳረችው በ1986 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ሠርጉ በቪኤችኤስ ካሴት ተቀረጸ። በካሴቱ ሦስተኛ ሰዓት ላይ፣ እንግዳው ሳስቶ ወዳጅ ዘመድ ብቻ በቀረበት ሰዓት፣ አባቴ ተነሥቶ እስክስታ ይወርዳል። አርባ ሰከንድ ያህል ነው። አባቴ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ ጎጃም ተወልዶ ቢያድግም ከተማ ከገባ ወዲህ ሲጨፍር ያየው ሰው አልነበረም። በ1991 ዓ.ም. ዐረፈ። የሚንቀሳቀስበት ሌላ ምስል የለንም። ፎቶግራፎች አሉን፤ በፎቶግራፎቹ ሁሉ ግን ኮቱን ቆልፎ፣ እጁን ግራና ቀኝ አውርዶ፣ የመንግሥት ደብዳቤ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሞ ነው።

እህቴ በ1989 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄዳ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ኖረች። የአሜሪካ ዴክ የእኛን የፓል ካሴት አያጫውትም ነበርና አንድ ቤት ወደ ኤንቲኤስሲ ገልብጦላት ነው ይዛው የሄደችው። መገልበጥ ሲባል ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የእኛ ምስል በሰከንድ 50 ግማሽ፣ የእነሱ 60 ያህል ነው፤ የእኛ 576 የሚታይ መስመር፣ የእነሱ 480። ርካሹ መንገድ ጎረቤታሞቹን ግማሾች አደባልቆ፣ መስመሮቹንም አጨማዶ ልኩን መሙላት ነው። የተደረገውም ይኸው ነበር። እዚያ ቅጂ ላይ ጥርስ የሚባል ነገር የለም፤ ምስሉ ልስልስ ያለ ነው። አባቴ ትከሻውን ሲያነሣ ግን የወረደው ትከሻ ከተነሣው ጋር አብሮ ይታያል።

ልጆቿ አያታቸውን አያውቁትም። አንድ ቀን ስልክ ደውላ፣ «አንተ፣ አባባ አራት ትከሻ አለው እኮ! ልጆቹ አያታችን ጉም ነው ወይ ይሉኛል» አለችኝ። የቻልኩትን አጽድቼ አጭር ፊልም እንድሠራላቸው ጠየቀችኝ። ዋናው ካሴት እናታችን ቡፌ ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ኋላ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። አስገልብጬ ከጭፈራው አንድ ፍሬም ላክሁላት። ጥርስ በጥርስ ሆኖ ስታየው ደነገጠች። «ይሄማ ተተልትሏል! የእኔው ይሻላል፤ በእሱ ሥራልኝ» አለች።

«እትዬ፣ ትንሽ ታገሺኝ» አልኳት።

*

ከዴኩ የወጣውን ምስል ወደ ዲቪ በሚቀይር ሣጥን አሳልፌ በፋየርዋየር ገመድ ወደ ኮምፒውተሩ አስገብቼው ነበር። ዲቪ ለአንድ ሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይወስዳል፤ በምላሹ ሁለቱን ግማሾች ሳያደባልቅ በየመስመራቸው ያስቀምጣቸዋል። እንደተመዘገበው ያለው ፋይል ላይ ጥርሱ ጥርት ያለ ነው። ጥርት ያለ ጥርስ መልካም ምልክት መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ግማሾቹ ገና አልተነካኩም ማለት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ኤዲቲንግ ላይ ነው። የዛሬ ፕሮግራም የሚያስበው በ1080 መስመር ስለሆነ 576ቱን መስመር ሳይጠይቅ ይለጥጠዋል። ሲለጥጥ የ1ኛውን መስመር ከ2ኛው ጋር ያዋሕዳል፤ የአንዱን ቅጽበት ከሌላው ቅጽበት ማለት ነው። ቀጭኑ ጥርስ ወፍራም ሞገድ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የትኛው መስመር የማን እንደነበር የሚለይ መሣሪያ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ግማሾቹ ሳይለያዩ የምስሉ ቁመት አይነካም።

ሁለተኛው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። የትኛው ግማሽ ነው የቀደመው? ዲቪ የታችኛውን፣ ማለትም ተጋማሾቹን መስመሮች፣ ያስቀድማል፤ የኤችዲ ስብጥር ግን የላይኛውን ነው የሚያስቀድመው። ፕሮግራሙ ፋይሉን እንደ ኤችዲ ቢቆጥረው ጊዜው 1፣ 2፣ 3፣ 4 በመሄድ ፈንታ 2፣ 1፣ 4፣ 3 እያለ ይሄዳል። የቆመ ነገር ላይ አይታወቅም። የሚሄድ ሰው ግን አንድ ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ እያለ ይንቀጠቀጣል። መፈተኛው ቀላል ነው። ግማሾቹን ለይቶ አንድ በአንድ ማሳለፍ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነገርም መምረጥ። እኔ የመረጥኩት ትሪ ይዛ ከግራ ወደ ቀኝ የምታልፍ አክስቴን ነበር። ትሪው ሳይመለስ ከተጓዘ ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው።

ይህ ሁሉ ታዲያ ለእውነተኛ ስብጥር ነው። በሲኒማ ፊልም ተነሥቶ ወደ ፓል ካሴት የተገለበጠ ሥራ ከሆነ ሁለቱም ግማሾች የሚመጡት ከአንድ ፍሬም፣ ከአንድ ቅጽበት ነው፤ ማጋጠም ብቻ ይበቃዋል። ያልታመመውን ማከም ያሳምመዋል።

*

ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱ ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው መጣል ነው። ከሁለቱ ግማሾች አንዱን ትጥላላችሁ፣ የቀረውን 288 መስመር ትለጥጣላችሁ። ጥርሱ ወዲያው ይጠፋል። ሁለተኛው ማደባለቅ ነው፤ ሁለቱን ግማሾች እንደ ውኃና ወተት አንድ ላይ ማፍሰስ። ጥርሱ እዚህም ይጠፋል፣ ጉሙ ይመጣል። ሦስተኛው እያንዳንዱን ግማሽ ለብቻው ወደ ሙሉ ምስል ማሳደግ ነው። በሰከንድ 25 ሳይሆን 50 ሙሉ ምስል ይወጣል። ይህን በደምሳሳው ቢያደርጉት ሁለቱ ግማሾች የአንድ መስመር ያህል ከፍታና ዝቅታ ስላላቸው ግድግዳው ወደላይና ወደታች ይርገፈገፋል። ያዲፍ የተባለው በኤፍኤፍኤምፔግ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ለእያንዳንዱ ግማሽ አንድ ምስል እንዲያወጣ ሲታዘዝ ሥራውን በፍጥነት ይሠራል። በአቪሲንት የሚሠራው ኪውቲጂኤምሲ ደግሞ የእያንዳንዱን ነገር እንቅስቃሴ ከፊትና ከኋላ ካሉት ምስሎች እየተከተለ ይሞላል፤ እጅግ ዘገምተኛ ነው፣ ግድግዳውም ጸጥ ይላል።

ሦስቱንም በአባቴ ትከሻ ላይ ሞከርኳቸው። እስክስታ ለዚህ ዓይነቱ ፈተና የተፈጠረ ይመስላል። ሰውነት ጸጥ ብሎ ትከሻ ብቻ ይሠራል፤ የጭፈራው ነፍስ ያለችው ትከሻው ከመነሣት ወደ መውረድ በሚታጠፍባት በዚያች ቅንጣት ላይ ነው። ግማሹ ሲጣል ያቺ ቅንጣት አንዳንዴ ትገኛለች፣ አንዳንዴ ትዘለላለች። አባቴ ይጨፍራል፣ ነገር ግን ምቱን የሳተ ይመስላል። አባቴ ምት አልሳተም። ሲደባለቅ የእህቴ ጉም ተመልሶ መጣ። ሃምሳው ምስል ሲወጣ ግን ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከበሮው በሚመታበት ላይ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቸገረኝ። ከሃምሳዎቹ ምስሎች በእያንዳንዱ 288ቱ መስመር ካሜራው ያየው ነው፤ የቀረው 288 ፕሮግራሙ ከጎረቤቶቹ ገምቶ የሞላው ነው። ለልጆቹ ግማሹ ግምት የሆነ አያት ልሰጣቸው ነው ወይ? ሁለት ሌሊት አሰብኩበት። ያገኘሁት መልስ ይህ ነው፤ ግምት የሌለበት መድኃኒት የለም። የጣለውም ለጥጦ ይገምታል። ልዩነቱ የሚገመተው ነገር ላይ ነው። ሃምሳው ምስል የሚገምተው ቦታ ነው፤ የሸሚዙ ጨርቅ በዚህ መስመር ላይ ምን ይመስል እንደነበር። ቅጽበቷ ግን የነበረች ቅጽበት ናት። የተደባለቀው ምስል ግን ፈጽሞ ያልነበረን ቅጽበት ያሳያል፤ አባቴ በሕይወቱ በአራት ትከሻ የቆመበት ሰዓት የለም። ልስልሱ ቅጂ ሙሉ የመሰለው ሁለት እውነቶችን አንድ ውሸት ስላደረጋቸው ነበር። የተተለተለው ደግሞ የሚያስጠላው ሁለቱንም ሳያፈርስ ስለያዛቸው።

*

አርባ ሰከንዱ ሁለት ሺህ ምስል ሆነ። ለእህቴ ላክሁላት። አብረን በስልክ እያወራን ተመለከተችው። ጭፈራው ከመጀመሩ በፊት አባቴ ግራ እጁ አካባቢ ፈጠን ያለ ነገር ያደርጋል፤ በእሷ ቅጂ ላይ ጉም ብቻ ነበር፣ እኛም ሁልጊዜ እጅጌውን የሚሰበስብ ይመስለን ነበር። አሁን በግልጽ ይታያል። የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ፣ ሳያያት፣ አጠገቡ ለተቀመጠችው እናታችን ያቀብላታል። እሷም ሳታየው ትቀበለዋለች።

እህቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፣ «ለካ አስቦበት ነው የተነሣው» አለች።

ይህን የምጽፈው በየቡፌው ኋላ ላስቲክ የለበሰ ካሴት ላላችሁ ነው። ጊዜው ጠባብ ነው። የቪኤችኤስ ዴክ ማምረቱን እስከ መጨረሻ የቀጠለው የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሟል፤ ካሴቱም ተቀምጦ አይጠነክርም። ስታስገለብጡ የሚያስገለብጥላችሁን ሰው «አጽዳልኝ» አትበሉት፤ «ስብጥሩን ሳትነካ እንዳለ ስጠኝ» በሉት። ጥርሱን አትፍሩት። ማለስለሱ በማንኛውም ቀን ይደርሳል፤ የለሰለሰውን መልሶ መለየት ግን አይቻልም።

እኔም ከተስተካከለው ፊልም ጎን ጥርሱ ያገጠጠውን ፋይል እንዳለ አስቀምጫለሁ። ነገ ከዛሬው የተሻለ ገማች ይመጣ ይሆናል። መጥቶም የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው።