ካንሰር ነው ከተባለ በኋላ

ካንሰር እንዳለበት የተነገረው ሰው መጀመሪያ የሚጨልምበት ነገው ነው። ከጎጃሟ አማኑኤል ከተማ ለተነሳች ታማሚ ደግሞ መንገዱም አለ፤ ደብረ ማርቆስ፣ የዓባይ በረሃ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል። የጨረር ሕክምና ሳምንታት ስለሚወስድ ማደሪያው ያስጨንቃል። በሉኪሚያ ልጃቸውን ያጡ ወላጆች በ1996 ዓ.ም. የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ ያዘጋጀው ለዚህ ነው። እንዲህ ባለ ቤት አዲስ የገባችው፣ ፀጉሯ ረግፎ መልሶ ያቆጠቆጠላትን ሴት በዓይኗ ታያለች፤ «አይዞሽ እህቴ» የምትላት እሷ ስትሆን ቃሉ ልብ ይደርሳል። ማልቀስ ካሰኛት ታልቅስ፤ እንባ ሕክምናውን አያበላሽም። ጠበል የምትጠመቅም መድኃኒቷን ማቋረጥ የለባትም። የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ቀድሞ ከተደረሰበት የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው። ጡቷ ላይ እብጠት የዳሰሰች ሁሉ ዛሬውኑ ትመርመር።