አገር አልሰጥም

ጳጉሜን ገብታለች። ሰማዩ አሁንም ያጉረመርማል፤ ቢሆንም አደይዋ ከአጥሩ ሥር ብቅ ብቅ ማለት ጀምራለች። እናቴ ቡናውን እየቆላች ነው። እናንተም ቀረብ በሉ። ዓመቱን ሙሉ ሳነባቸው የከረምኳቸውን መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ ከምሬያቸዋለሁ፤ ስለነሱ ልንጫወት ነው።

ብዙዎቹ ከሁለት ወገን ናቸው። ገሚሶቹ ወንጀል ተፈጽሞ «ማን አደረገው?» እየተባለ የሚታደንባቸው ናቸው። ገሚሶቹ ደግሞ ዘንዶ የሚናገርባቸው፣ አስማተኛ ማዕበል የሚገሥጽባቸው፣ ፋንታሲ የምንላቸው ምናባዊ ታሪኮች። ስጀምራቸው አንዱ ወገን ከሌላው ጋር ምንም የሚያገናኘው ያለ አይመስለኝም ነበር። አሁን ዞር ብዬ ሳያቸው ግን ሁሉም የሚፈልጉት አንድ ነገር ሆኖ አገኘሁት፤ ስም። መርማሪው የገዳዩን ስም ይፈልጋል፣ አስማተኛው የነፋሱን።

ከመጀመሬ በፊት ቃል ልግባላችሁ፤ የየትኛውንም መጽሐፍ መጨረሻ አላወጣም። በልጅነቴ መጽሐፍ በኪራይ ነበር የማነበው። አንድ ጊዜ ከእኔ በፊት የተከራየ ሰው ገና ታሪኩ ሳይሞቅ የአንዱን ገጸ ባሕርይ ስም በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበት፣ ጎኑ ላይ «ገዳዩ ይህ ነው» ብሎ ጽፎ አገኘሁ። ያን ቀን ያለቀስኩትን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ስለዚህ በማንም ላይ አላደርገውም።

የዘንድሮው ንባቤ የጀመረው በጎደለ መጽሐፍ ነው። ጥቅምት ላይ አንድ አዟሪ እስከ አገጩ ከከመራቸው አሮጌ መጻሕፍት መሐል የአጋታ ክሪስቲን «ኤንድ ዜን ዜር ወር ነን» መዝዤ ገዛሁት። እ.ኤ.አ. በ1939 የታተመ፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ቅጂ እንደተሸጠ የሚነገርለት መጽሐፍ ነው። አብዛኞቹ የማይተዋወቁ 10 ሰዎች ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ወዳለች ደሴት ይጋበዛሉ። ጋባዡ የለም። የመጀመሪያው ምሽት እራት እንደተበላ የተቀዳ ድምፅ ከሸክላ ማጫወቻ ይነሣና የአሥሩንም ስም እየጠራ፣ እያንዳንዳቸው ያጠፉትን ሕይወት እየጠቀሰ ይከሳቸዋል። ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ይሞታሉ፤ አንድ ሰው በሞተ ቁጥር የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት 10 ትንንሽ ምስሎች አንዱ ይጠፋል። የጋባዡ ፊርማ ዩ. ኤን. ኦወን ይላል። ፈጠን አድርጋችሁ ስትጠሩት በእንግሊዝኛ «ያልታወቀ» የሚለውን ቃል ይመስላል። ስሙ ራሱ ስም የለኝም ይላል ማለት ነው።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። አሥሩም አልቀዋል። ሁለት የፖሊስ ሰዎች ተቀምጠው ነገሩን ከዚህም ከዚያም ያገላብጣሉ፤ አሥር ሬሳ፣ አንድ ደሴት፣ ገዳይ የለም። ገጹን ገለጥኩ። ሽፋኑን አገኘሁ። መጀመሪያ ታሪኩ እንዲህ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ በጣቴ ጥራዙን ስዳብስ ግን የተገነጠሉት ቅጠሎች ሥር ክሩ ላይ ቀርቷል።

በማግስቱ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ቡና እየተፈላ እኔ በአማርኛ እተርክላታለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ቤታችን ፍርድ ቤት ሆነ። የእሷ ጥያቄዎች እኔ የማስባቸው ዓይነት አልነበሩም። ማን ማንን ይጠላል ብላ አልጠየቀችም። «ሻዩን የቀዳው ማነው? ቁልፉ ማን ዘንድ አደረ? ሬሳውን በእጁ የነካው ማነው?» እያለች ነው የምታስቆጥረኝ። ልብ በሉ፣ ክሪስቲ ራሷ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በሆስፒታል መድኃኒት ቤት ሠርታለች፤ መርዝን ከነመጠኑ ታውቀዋለች። ልቦለዶቿ የሚቆሙት እንዲህ ባለ የቤት ውስጥ ዝርዝር ላይ ነው፤ በጽዋ፣ በቁልፍ፣ በሰዓት። ንባብና ጽሕፈት ከተማርኩት ከእኔ ይልቅ ቤት ሙሉ እንግዳ ስታስተናግድ የኖረችው እናቴ ለክሪስቲ ትቀርባታለች።

አንድ ቀን ደክሟት «እኛ አገር ቢሆን አውጫጭኝ ተቀምጦ ያልቅ ነበር» አለች። አውጫጭኝ አፈርሳታም ይባላል፤ ይህች ቃል ናት የሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምን «ዚ አፈርሳታ» እንዳነሣ ያደረገችኝ። ሳህለ ሥላሴ አስቀድሞ በቸሃ ጉራጌኛ የጻፈ፣ ይህንን ደግሞ በእንግሊዝኛ ያሳተመ ደራሲ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። በሌሊት የአንድ ገበሬ ጎጆ ይቃጠላል። ማን እንዳቃጠለው አይታወቅም። አገሬው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። መርማሪ የለም፣ ኮቴ በመነጽር የሚመረምር የለም። መርማሪው ሕዝቡ ነው፤ ተጠርጣሪውም ሕዝቡ ነው። የእንግሊዞቹን ልብ ወለድ ለለመደ ሰው መጀመሪያ የዘገየ ይመስለዋል። እኔ ግን በዚያ መዘግየት ውስጥ ትልቅ ነገር አየሁ። ሰዉ እህሉ እያረረበት፣ ከብቱ እየጠበቀው፣ ደጋግሞ ይሰበሰባል፤ የአንድ ሰው ጎጆ የሁሉም ጉዳይ ስለሆነ። ወንጀል የአንድ ብልህ ሰው እንቆቅልሽ ሳይሆን የሰፈር ቁስል ሆኖ የቀረበበት እንዲህ ያለ ልቦለድ ሌላ አላነበብኩም። ይህን መጽሐፍ የሚያውቁ ወጣቶች ማነሳቸው ያሳዝነኛል።

ለካ ምስክርም ስሙን ይደብቃል። በአውጫጭኝ ያየውን ለመናገር የሚፈራ ሰው በወፍ አማካይነት ይናገር ነበር ይባላል። እናቴም እስከ ዛሬ የሰማችውን ከማን እንደሰማች መናገር ካልፈለገች «ወፍ ነገረችኝ» ትላለች።

ወደ ሌላው ወገን ልሻገር። የዓመቱ መጽሐፌ የቱ ነው ብትሉኝ ሳላመነታ የኡርሱላ ለ ግዊን «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» እላለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ ነው። ዓለሙ ደሴት ብቻ ነው። እዚያ ሁሉም ነገር እውነተኛ ስም አለው፤ ድንጋዩም፣ ነፋሱም፣ ሰውም። ስሙን ያወቀ ያዝዘዋል። ስለዚህ ሰው እውነተኛ ስሙን ሰውሮ በመጠሪያ ስም ይኖራል። ጌድ የሚባለው ልጅ ስሙን የተቀበለው በ13 ዓመቱ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ተሻግሮ ነው።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ተቀመጥኩ። «አስማት» የሚለውን ቃል አስቡት። በግዕዝ «ስም» ሲበዛ «አስማት» ይሆናል፤ ስሞች ማለት ነው። ደብተራው በጠባቡ ብራና ላይ በጥቁርና በቀይ ቀለም የሚደረድራቸው የተሰወሩ ስሞች። ቃሉን በአፌ ሳመላልሰው ኖሬ ልብ ያልኩት ዘንድሮ ነው።

አያቴ ነፍሷን ይማረውና፣ የክርስትና ስሜን ለማላውቀው ሰው እንዳልናገር አጥብቃ ታስጠነቅቀኝ ነበር፤ በተለይ ከእናቴ ስም ጋር። ኮከብ ቆጣሪው የሚቆጥረው ሁለቱን ደምሮ ነውና። እኛ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ የምንቀበለው ስም እኮ ሰፈር የማይጠራው፣ ቄሱ በጸሎትና በፍትሐት ብቻ የሚያነሣው ስም ነው። የለ ግዊንን ደሴቶች ስረግጥ እንግዳ አልሆንኩም። ጌድ በሚማርበት ደሴት አንድ ለብቻው በግንብ የሚኖር የስም መምህር አለ። ተማሪዎቹ የሚያጠኑትን የስም ዝርዝር በብራና ይጽፍላቸዋል፤ እኩለ ሌሊት ሲሆን ቀለሙ ይጠፋል። እስከዚያ በቃሉ ያልያዘ ቀረበት። የቆሎ ተማሪ የነበረ ሁሉ ይህቺን ገጽ ሲያነብ መምህሩን ፊት ለፊት ያየዋል።

ጌድ በትዕቢት ተነሣስቶ የማይነካ ነገር ይነካል፤ ስም የሌለው ጥላ ወደ ዓለም ያመልጣል። ያሳድደዋል። በኋላ ከአንድ ትልቅ ዘንዶ ጋር ይፋጠጣል፤ የረታውም በጉልበት አይደለም። የቆዩ ታሪኮችን ሲያነብ ያገኛቸውን ፍንጮች አገጣጥሞ ስሙን ስለገመተ ነው። ይህ እንግዲህ ንጹሕ የመርማሪ ሥራ ነው! ዘንዶውም በፈንታው የሚያሳድድህን ጥላ ስም ልንገርህ ይለዋል። ጌድ ግን ያን ስም ትቶ የደሴት ነዋሪዎችን ሰላም ይመርጣል።

ከሁሉም በላይ የያዘችኝ ግን ትንሽ ትዕይንት ናት። ጌድ ባጠፋው ጥፋት ተሰብሮ፣ ፊቱ ጠባሳ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ ሲሸሸው፣ ቬች የሚባለው ጓደኛው ሊሰናበተው ይመጣል። ምንም አይመክረውም። እውነተኛ ስሙን ይነግረዋል፤ በቃ። ነፍሱን መዳፉ ላይ አኖረለት ማለት ነው። ያን ማታ 20 ዓመት የማውቃት ጓደኛዬ ዘንድ ደወልኩ። የክርስትና ስሟን ጠይቄያት አላውቅም፣ እሷም የእኔን አታውቅም። ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና የእሷን ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም።

አንድ ነገር ሳልል አልለፍ። ጌድ መልኩ ቀይ ዳማ ነው፣ ቬች ጥቁር። ለ ግዊን ይህን አስባበት ነው የጻፈችው። እ.ኤ.አ. በ2004 ለቴሌቪዥን ሲሠራ ጌድ ነጭ ሲደረግ ተቃውሞዋን በአደባባይ ጽፋለች። ደግ አደረገች።

የቶልኪን «ዘ ሆቢት» እ.ኤ.አ. የ1937 መጽሐፍ ነው፤ እሱን ለእህቴ ልጆች እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ቢልቦ የተባለው ትንሹ ሰው ከመሬት በታች፣ ጨለማ ውስጥ፣ ጎለም ከተባለ ፍጡር ጋር እንቆቅልሽ ይጫወታል። ልጆቹ ወዲያው «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» ብለው ቤቱን አናወጡት። የእኛ ጨዋታ ያቃተውን አገር ስጠኝ ይላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። እዚያ ዋሻ ውስጥ ግን መያዣው ሕይወት ነው። ቢልቦ ጎለምን ሲያገኘው ስሙን ነግሮት ነበር። በኋላ ዘንዶው ፊት ሲቆም ግን ተምሯል፤ ስሙን ትቶ የቅኔ መጠሪያ ይደረድራል። ያቺ ዋሻ ውስጥ የወደቀች ስም በተከታዩ ታላቅ መጽሐፍ ጠላት ጆሮ ደርሳ ምን እንዳመጣች ያነበበ ያውቃል። የስምንት ዓመቷ ልጅ «ለምን ነገረው?» ብላ ከልቧ ተቆጣች። የአያቴ ዘር መሆኗ ገባኝ።

የኡምቤርቶ ኤኮን የገዳም ግድያ ልቦለድ ዘንድሮም ጀምሬ አልጨረስኩትም፤ ላቲኑ በዛብኝ፣ ለከርሞ ይቆየኝ። የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ደገምኩት። በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ ሰዉ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ሲያነበው ትዝ ይለኛል። ዓረፍተ ነገሩ አንዳንድ ቦታ ይቸኩላል፤ ግን የጣናን ውኃ ሳየው የመጽሐፉ ምስጢር ከሥሩ ያለ እየመሰለኝ ኖሬያለሁ፤ ያን የሰጠኝን መጽሐፍ አመሰግናለሁ።

መጨረሻ ላይ ያነበብኩት የሱዛና ክላርክን «ፒራኔሲ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጥቶ በማግስቱ ዓመት በብሪታኒያ ለሴት ደራሲዎች የሚሰጠውን ትልቁን የልቦለድ ሽልማት አግኝቷል። ሁለቱ ወገኖች እዚህ ተገናኙልኝ፤ ፋንታሲም ነው፣ ምርመራም ነው። አንድ ሰው ማለቂያ በሌለው ቤት ውስጥ ይኖራል። አዳራሹ በሐውልት የተሞላ ነው፤ ምድር ቤቱ ባሕር፣ ላይኛው ፎቅ ደመና። የሚገናኘው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን። ያ ሰው ፒራኔሲ ይለዋል፤ እሱ ግን ይህ ስሜ አይመስለኝም ይላል። ዓመታቱን በቁጥር አይጠራም፤ ትልቁ የባሕር ወፍ ወደ አዳራሾቹ የመጣበት ዓመት እያለ በሆነው ነገር ይሰይማቸዋል። ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ ብሎ ለዓመት ስም ለሚያወጣ ሰው ይህ ምን ያህል ቤተኛ እንደሆነ ገምቱት።

ይህ ሰው ማስታወሻ ይይዛል። አንድ ቀን የቆዩ ደብተሮቹን ሲገልጥ በራሱ እጅ የተጻፈ፣ እሱ ግን የማያስታውሰው ነገር ያገኛል። ገጾች ተቀድደዋል። ቅዳጆቹን ከወፎች ጎጆ ውስጥ፣ ከባሕር ሣር ጋር ተጎንጉነው ያገኛቸዋል። ጫጩቶቹ እስኪበርሩ ይታገሣል፤ ከዚያ ለቅሞ መሬት ላይ ዘርግቶ አንዱን ከአንዱ ያገጣጥማል። የሚፈልገው የገዳይ ስም አይደለም፤ የራሱን ነው። የተቀደደ መጽሐፍ ይዤ ዓመቱን የጀመርኩት እኔ ይህን ገጽ ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ።

የክሪስቲ የጎደሉ ገጾችስ? ኅዳር ላይ ሙሉውን መጽሐፍ ከአንዲት ወዳጄ ተውሼ አነበብኳቸው። ማን እንደሆነ አወቅሁ። እየሮጥኩ ወደ ማድ ቤት ገባሁ፤ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«ልንገርሽ?» አልኳት።

«እንዳትነግሪኝ!»

ይኸው አሥር ወር ሊሞላ ነው። አሁንም ቡናውን ከምድጃው አወረደች፤ ረከቦቱ ላይ ሲኒዎቹን እያስተካከለች ቀና ብላ አየችኝ። «ያ ሐኪሙ» አለች፣ «ሌሊት የወጣ ጊዜ በሩን ከውጭ ነው ከውስጥ የተዘጋው ያልሽኝ?»

«እማዬ፣ በቃ አገር ስጪኝና ልንገርሽ።»

«አልሰጥም» አለችና የመጀመሪያውን ሲኒ ቀዳች።