«ደም ሳያይ አይመለስም»

ካትማንዱ፣ ታሜል ሰፈር የገባ ሰው ኩክሪ ሳያይ አይወጣም። ኩክሪ የኔፓሎች ወደ ፊት የጎበጠ ቢላዋ ነው። ባለሱቆቹ «አንዴ ከሰገባው ከወጣ ደም ሳያይ አይመለስም» ይሏችኋል። አትስሟቸው! በገጠር ሥጋ የሚከተፈውም፣ እንጨት የሚፈለጠውም በዚሁ ነው።

እኔም በቀረችኝ የመንገድ ገንዘብ የሚያብለጨልጨውን ልገዛ ስል፣ እዚያው የተዋወቅሁት አንድ ኩክሪ ሰብሳቢ «ተው ወንድሜ፣ እሱ ለግድግዳ ነው» አለኝ። ቤቱ ወሰደኝና ከራሱ ስብስብ አንዱን አወጣ። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ፣ እጀታው የጎሽ ቀንድ። ከሰገባው ጋር ሁለት ትንንሽ ቢላዎች አሉት፤ ካርዳ የሚባለው ለመቁረጥ፣ ደነዙ ቻክማክ ደግሞ ስለት ለማቅናትና ከባልጩት ጋር እሳት ለመጫር።

ዋጋ ሳልጠይቅ እጀታው ላይ ያለችውን ስንጥቅ እሱው አሳየኝ። ባይነግረኝ አላያትም ነበር። ያኔ ልቤ አረፈ፤ ሳልከራከር ከፈልኩ።

እናንተም ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዙ ከሆነ ጉድለቱን የሚነግራችሁን ሻጭ ፈልጉ። በአውሮፕላን ስትመለሱ በሚጫነው ሻንጣ እንጂ በእጃችሁ አትያዙት። ስትመዙትም ጣታችሁን በስለቱ በኩል አታሳርፉ፤ ሰገባውን ሰንጥቆ ሊወጣ ይችላል። ያኔ እውነትም ደም ያያል፤ የባለቤቱን!