የምንከፍለው ለስክሪኑ ነው ለካርቶኑ?

ሰሞኑን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ቴሌቪዥን ልናይ መርካቶ ወርደን ነበር። ሻጩ ካርቶኑ ላይ «ኤችዲአር» የሚለውን እየጠቆመ ዋጋውን ሰቀለው። ብርሃኑ ስንት ኒት እንደሆነ ስጠይቀው ግን ዝም!

ኤችዲአር የምስሉን ደማቅና ጨለማ ክፍል አስፍቶ የሚያሳይ አሠራር ነው፤ ዓይነቱ ግን ብዙ ነው። ኤችዲአር10 ለሙሉ ፊልሙ አንድ የብርሃን መመሪያ ብቻ ይልካል። የሌሊቱም የበረሃውም ትዕይንት በዚያው ይዳኛል። ዶልቢ ቪዥን መመሪያውን በየትዕይንቱ ይቀያይራል፤ አምራቹ ግን የፈቃድ ክፍያ አለበት። ሳምሰንግ ይህን ትቶ በ2017 ከአማዞን ጋር ተመሳሳዩን ኤችዲአር10 ፕላስ ይዞ መጣ። (የኩባንያዎች ፀብ ሳሎናችን ድረስ ይገባል ማለት ነው።) ቢቢሲና የጃፓኑ ኤንኤችኬ የሠሩት ኤችኤልጂ ደግሞ ለቴሌቪዥን ስርጭት የታሰበ ነው።

እኔን የሚያበሽቀኝ ሌላ ነው። ብዙ ፊልሞች የሚዘጋጁት 1,000 ኒት በሚደርስ ስክሪን ላይ ነው። 300 ኒት የማይሞላ ርካሽ ቴሌቪዥን ምልክቱን ይቀበላል፣ «ኤችዲአር» ብሎም ይጽፍላችኋል፤ ብርሃኑን ከየት ያመጣዋል? ዶልቢ ቪዥን ደካማ ስክሪንን ትንሽ ያግዛል እንጂ አይተካም። ቤታችሁ የሚታየው የአገር ውስጥ የዲሽ ቻናል ብቻ ከሆነማ ለዚህ ጽሑፍ ተጨማሪ ብር መክፈል ለምን?

ሱቅ ስትሄዱ የሌሊት ትዕይንት ያለበት ፊልም በፍላሽ ያዙ። ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ከታያችሁ «ሌላ አሳየኝ» በሉት።