የሰባኪ ልጅ መሆን

ሰው ሁሉ ሲወለድ የአባቱን ስም ይወርሳል። የሰባኪ ልጅ ግን ከስሙ ሌላ አንድ ነገር ይወርሳል፤ ይኸውም የሰው ዓይን ነው። የነጋዴ ልጅ በመንገድ ላይ ጮኽ ብሎ ቢስቅ ልጅነት ነው ተብሎ ይታለፋል። የሰባኪ ልጅ የሳቀ እንደ ሆነ ግን «አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ» የሚለው ተረት ወዲያው ይነሣል። ለዘንድሮው መጽሔታችን እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ከምንም ነገር ይልቅ አጥብቄ የማውቀው ይህንኑ ኑሮ ስለሆነ፣ የሰባኪ ልጅ ሆኖ ማደግ ምን እንደሚመስል ለመምህራኖቼ፣ ለወላጆችና ለጓደኞቼ ላስረዳ አሰብሁ።

ሰዎች ስለ ሰባኪ ልጅ ያላቸው አስተያየት ከሁለት አይወጣም። አንዳንዶቹ ከሕፃንነቷ ጀምራ መልአክ የሆነች ይመስላቸዋል። ሌሎቹ ደግሞ ውጭ ውጭውን ጨዋ፣ ውስጡን ግን አባቱን የሚያሳፍር ልጅ ነው ብለው አስቀድመው ይፈርዳሉ። ለሁለቱም ወገን ምስክር የሚሆን ታሪክ በመጽሐፍ ቅዱስ ይገኛል። የካህኑ የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ ሕዝቡ ለመሥዋዕት ያመጣውን ሥጋ በግድ ይወስዱ ነበር። ዔሊስ ልጆቹን አጥብቆ ስላልገሠጸ ነው እንበል። ነገር ግን ነቢዩ ሳሙኤል ራሱ ጉቦ ያልነካ ሰው ሆኖ ሳለ፣ በቤርሳቤህ ዳኞች አድርጎ የሾማቸው ሁለቱ ልጆቹ ጉቦ ተቀባዮች ሆኑ። በዚህ አንጻር በሐዋርያት ሥራ የተጻፈው ወንጌላዊው ፊልጶስ በቂሣርያ ትንቢት የሚናገሩ አራት ሴቶች ልጆች ነበሩት። እንግዲህ አንዱ መጽሐፍ ሁለቱንም ዓይነት ልጆች ከመዘገበልን፣ የአባት ሥራ ብቻውን ልጅን ክፉም ደግም እንደማያደርግ መረዳት አለብን።

አባቴ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባኬ ወንጌል ነው። የተወለደው በጎጃም ገጠር ሲሆን፣ ገና ልጅ ሳለ ከቤቱ ወጥቶ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ለምኖ ነው የተማረው። የውሻ ንክሻ ጠባሳ እስከ ዛሬ ከባቱ ላይ አለ። ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያም በዋሸራ ወደ ቅኔ ቤት ገባ፤ በመጨረሻም መጻሕፍት ቤት ገብቶ የሐዲስ ኪዳንን ትርጓሜ ተማረ። ይህ ትርጓሜ አንድምታ የሚባለው ሲሆን፣ መምህሩ የግዕዙን ንባብ ጠቅሶ በአማርኛ ከፈታው በኋላ «አንድም» እያለ ሌላውን ፍቺ ይጨምርበታል። አንዱ ፍቺ ሌላውን አይሽረውም። እኔም የአባቴን ኑሮ ለመረዳት የሞከርሁት በዚሁ መንገድ ነው፤ ሕዝብ የሚያውቀው አንድ አባት አለ፤ አንድም እኛ በቤት የምናውቀው አባት አለ።

ሕዝብ የሚያውቀው በበዓል ቀን ከዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ በድምፅ ማጉያ የሚናገረውን ነው። በቤት ግን የሰባኪ በዓል የብቻ በዓል ነው። ጥር 11 ቀን የጓደኞቼ አባቶች ልጆቻቸውን እጃቸውን ይዘው ታቦት ሲሸኙ፣ እኔ አባቴን የማየው ከሩቅ ከሰው ትከሻ በላይ ነው። ሠርግ ሲሆን ይጠራል፤ ለቅሶ ሲሆን ይጠራል፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ በሌሊትም ቢሆን በራችን ይንኳኳል። እራት ቀርቦ ሳለ ተነሥቶ ስለሚሄድ እናቴ የእርሱን ድርሻ በሞሶብ ከድና ማስቀመጥ ልማዷ ነው።

ደግሞም ሕዝብ የማያየው የቅዳሜ ምሽት አለ። አባቴ መጽሐፉን አንብቦ ሲጨርስ ይዘጋውና፣ እናቴ ምስር እየለቀመች ሳለ በማግስቱ የሚናገረውን ይነግራታል። እናቴ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረችም፤ ነገር ግን የአባቴን ስብከት እንደ እርስዋ አድርጎ የሚመረምር ሊቅ ያለ አይመስለኝም። የኑሮ ውድነት በበረታበት በአንድ ዓመት፣ በዐቢይ ጾም መግቢያ፣ አባቴ ሰው ጾሙን እንዳይሽር የሚያስጠነቅቅ ብርቱ ስብከት አዘጋጅቶ ነበር። እናቴ ሰምታ ሰምታ፣ «ዘንድሮ የሚበላው አግኝቶ ጾሙን የሚሽር የት አለና ነው?» አለችው። አባቴ ብዙ ዝም ብሎ ቆየ። በማግስቱ የሰበከው ያለው ለሌለው ስለ ማካፈል ሆነ። ምእመናኑ «መምህር ዛሬ ልባችንን አገኙት» እያሉ ሲያመሰግኑት፣ ምስር ለቃሚዋን ያሰበ ግን አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ ግን ምሳሌ መሆን ነው። የሰባኪ መሣሪያው ምሳሌ ስለሆነ፣ ምሳሌ ሲያጥረው ወደ ገዛ ቤቱ ይመለከታል። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ በገበያ 200 ብር ወድቆ አገኘሁና፣ በርበሬ የምትሸጥ አንዲት ሴት እያለቀሰች ስትፈልገው አይቼ ሰጠኋት። ይህን በቤት ስናገር አባቴ ደስ አለው፤ በተከታዩም እሑድ በሕዝብ ፊት ተናገረው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በክፍል ውስጥ ስሜ ቀርቶ «ምሳሌ» ተባልሁ። «ምሳሌ መጣች»፣ «ምሳሌ ጥያቄ አላት» ይሉኝ ነበር። ቀልዱስ ቀልድ ነው፤ የጎዳኝ ሌላው ነገር ነው። በገዛ ፈቃዴ የማደርገው ሁሉ ለስብከት የተደረገ ይመስል ጀመር። ለጓደኛዬ እርሳስ ሳውሳት እንኳ ይህ እሑድ ሊነገር ነው እያልሁ እሠጋ ነበር።

በመጨረሻ ደፍሬ፣ «አባዬ፣ ያን ብር የሰጠኋት ሴትዮዋ ስላሳዘነችኝ ነው፤ ለስብከት አልነበረም» አልሁት። ያን ዕለት መልስ አልሰጠኝም። በማግስቱ ጠርቶኝ፣ «ጌታ የጠፋውን ልጅ ምሳሌ ሲናገር ሁለት ልጆች ስለ ነበሩት ስለ አንድ ሰው ተናገረ እንጂ፣ የሰውየው ቤት በየት በኩል እንደሆነ አላመለከተም። እኔ ግን ቤቴን አመለከትሁ። ከእንግዲህ ሳልጠይቅሽ የአንቺን ነገር አልናገርም» አለኝ። ቃሉንም ጠበቀ። በሺህ ሰው ፊት የሚናገር ሰው ለአንዲት ልጅ ቃል ገብቶ ሲጠብቅ ማየት፣ ለእኔ ከብዙ ስብከት የሚበልጥ ትምህርት ሆኖኛል።

ከዚያ አስቀድሞ በ2011 ዓ.ም. በቤታችን ላይ ብርቱ ኀዘን ደርሶ ነበር። ታናሽ ወንድሜ በ4 ዓመቱ በሳንባ ምች ታሞ ዐረፈ። እድሩ ድንኳን ተከለ፤ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ መጣ። አባቴ በየሰው ለቅሶ እየተገኘ ያጽናና ስለ ነበር፣ በሠልስቱ ዕለት ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ተነሥቶ የሚናገር መስሎት ይጠባበቅ ነበር። እርሱ ግን አቀርቅሮ ተቀምጦ፣ «ዛሬ ሐዘንተኛ ነኝ እንጂ መምህር አይደለሁም» አለ። ድንኳኑ ጸጥ አለ።

ያን ጊዜ በሰፈራችን ጉሊት ጎመን የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ከወደ ኋላ ተነሥተው መጡና ከአጠገቡ ተቀመጡ። «መምህር፣ ልጄን የቀበርሁ ለት የነገሩኝን ያስታውሱታል?» አሉት።

«ይንገሩኝ፣ እማማ» አላቸው።

«የማርታና የማርያም ወንድም አልዓዛር በሞተ ጊዜ፣ ጌታ እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ፤ እንባ የእምነት ጉድለት አይደለም ብለውኝ ነበር። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ይህችን ይዤ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት። ዛሬ ደግሞ ለእርስዎ ልመልስልዎ ብዬ ነው» አሉት።

አባቴ ነጠላውን በፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ልጁ ከሞተ ወዲህ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ የሚሰብከው ቃል የአባቴ ገንዘብ ይመስለኝ ነበር፤ ከእርሱ ወጥቶ ወደ ሰው የሚሄድ እንጂ ከሰው ወደ እርሱ የሚመለስ አልመሰለኝም። አሮጊቲቱ ግን ቃሉን ከአባቴ ይልቅ በሚገባ ጠብቀውት ኖረዋል። ሰባኪም እንደ ማንኛውም ሰው የሚያጽናናው የሚፈልግበት ቀን እንዳለ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እኛ ልጆቹ ይህን ካላወቅን፣ አባታችንን እንደ ሕዝቡ ከሩቅ ብቻ አይተን እንቀራለን።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባቴ ስለ ኀዘንና ስለ መጽናናት ሊያስተምር አስቦ፣ የወንድሜን ነገር ይናገር እንደ ሆነ እናቴንና እኔን ጠየቀን። እናቴ «ገና ነው» አለችው። እርሱም ተወው። በዚያ እሑድ ስብከቱ አጭር ነበር።

እንግዲህ ብዙ ሰዎች ወደ ፊት ምን ልሆን እንደማስብ ሲጠይቁኝ፣ መልሱን ራሳቸው «መቼም የዲያቆን ሚስት ነው የምትሆኚው» ብለው ይጨርሱታል። እኔ ግን የምወደው የሒሳብ ትምህርት ነው። በሒሳብ መጻሕፍታችን ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው ሌዎናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1707 በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ የተወለደ የሰባኪ ልጅ ነበር። አባቱ እንደ እርሱ የሃይማኖት መምህር እንዲሆን ይፈልግ ነበር። ዮሐን በርኑሊ የተባለው የሒሳብ ሊቅ ግን የልጁን ስጦታ አይቶ አባትየውን አሳመነው። ኦይለር በኋላ ዓይኑ ቢጠፋም ሥራውን አላቋረጠም፤ ሃይማኖቱንም አልተወም። ይህን ታሪክ ለአባቴ በነገርሁት ጊዜ ሣቀና፣ «ቅኔም ቁጥር አለው፤ ጉባኤ ቃና 2 ቤት፣ መወድስ 8 ቤት ነው። አንዱ ቢጎድል ቅኔው ፈረሰ። የእኔም አባት ገበሬ እንድሆን ይፈልግ ነበር፤ ቅኔ ቤት የገባሁት ጠፍቼ ነው። አንቺ ግን መጥፋት አያስፈልግሽም» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ከመስጠቴ በፊት ለአባቴና ለእናቴ አነበብሁላቸው። እኔ ሳልጠየቅ ምሳሌ መሆን ከከበደኝ፣ እነርሱንም ሳልጠይቅ ምሳሌ ላደርጋቸው አይገባኝምና። አባቴ አንድ የግዕዝ ቃል ብቻ አቃናልኝ። እናቴ ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣ «ስሙን አትጻፊው እንጂ፣ ሌላው ይነገር» አለች። ስለዚህ የወንድሜ ስም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አይገኝም።

ጓደኞቼ ሆይ፣ የሰባኪም ሆነ የመምህር፣ የዳኛም ሆነ የፖሊስ ልጅ በመካከላችን ቢኖር፣ ጠባዩን በአባቱ ሥራ ሳይሆን በገዛ ሥራው እንመዝነው። እናንተም የተከበራችሁ ወላጆች፣ በልጆቻችሁ ደግ ሥራ ደስ ሲላችሁ ደስታችሁን አትከልክሉን፤ በሰው ፊት ከመናገራችሁ በፊት ግን አንድ ጊዜ ጠይቁን። ብዙ ጊዜ እሺ እንላችኋለን።