ስለ አንዲት ታናሽ ፎቶግራፍ ማንሻ

አንድ የቅኔ መምህር ዕድሜያቸው ሰባ ካለፈ በኋላ በእጃቸው ይዘውት የማያውቁት ዕቃ ወደ ቤታቸው ገባ። ያመጣችውም በጀርመን አገር የተወለደች የታላቅ ወንድማቸው ልጅ ናት፤ አባቷ በዚያው ስላረፉ፥ ከተረፈው ዕቃ ለአጎቷ የሚሆነውን ይዛ መጥታ ነበር። ጋቢውንና ዳዊቱን ከሰጠች በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ቢፈቱት ከመዳፍ የማይተርፍ፥ ጥቁር ሽፋን የለበሰ ፎቶግራፍ ማንሻ ሆነ።

መሪጌታው አስቀድመው ያዩት ዐይኑን ነው። መስተዋቱን በዙሪያው ከቦት፥ እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ክፍል የተሠራ የብርጭቆ ቀለበት አለ። ልጅቱም ከቀለበቱ በስተኋላ ሴሌኒየም የሚባል ነገር እንዳለ፥ ብርሃን ባረፈበት ጊዜ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚያወጣ፥ መርፌውም በዚያ ኃይል ተነቅንቆ የብርሃኑን ልክ እንደሚለይ፥ ስለዚህም ባትሪ እንደማያሻው ነገረቻቸው። መሪጌታውም «እንግዲያስ ምግቡ ብርሃን ነዋ» አሉ።

ወደ ዐይናቸው ቢያስጠጉት መስኮቱ እንደ በር ቁሞ አገኙት። ሌላው ፎቶግራፍ ማንሻ በአግድም ሲያዝ በአግድም ያያል፤ ይህ ግን በአግድም ተይዞ ቁመት ያያል። ቤቱ ጨለምለም ያለ ነበርና ቍልፉን ቢጫኑት እንቢ አለ፤ በመስኮቱም ውስጥ ቀይ ምላስ ብቅ አለች። መሪጌታውም ያበላሹት መስሏቸው ደነገጡ። «አይደንግጡ፥ አጎቴ፤ ብርሃኑ አልበቃኝም ማለቱ ነው» አለቻቸው። ያልቻለውን ሁሉ የቻለ መስሎ የሚሠራ ዕቃ በበዛበት በዚህ ዘመን፥ የማይቻለውን አልችልም የሚል መኪና ማግኘት በእውነት ደስ ያሰኛል።

የዕቃው ስም ኦሊምፐስ ፔን ኢኢ 3 ነው። ፔን ማለት ብዕር ነው፤ እንደ ብዕር በኪስ ይያዝ ተብሎ የወጣ ስም ነው። የመጀመሪያውን ፔን ያሰበው ዮሺሂሳ ማይታኒ የሚባል የጃፓን መሐንዲስ ሲሆን፥ በ6,000 የን የሚሸጥ ፎቶግራፍ ማንሻ እንዲወጣ ብዙ ደክሞ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1959 ዓ.ም. ለገበያ አበቃው። ኢኢ 3 የተባለው በ1973 ዓ.ም. ተከተለ። የዚህ ወገን ሁሉ «ግማሽ» ይባላል፤ የተለመደው ሥዕል 24 በ36 ሚሊሜትር ሲሆን የዚህ 18 በ24 ነውና። ስለዚህም 36 ሥዕል የሚይዘው ፊልም በዚህ 72 ይይዛል።

ነገር ግን ነገሩ ከሥሩ ሲመረመር ሌላ ነው። 18 በ24 ቀድሞ የሲኒማ ፊልም ሥዕል ልክ ነበር። ኦስካር ባርናክ የሚባል የጀርመን ሰው ያንን ልክ አጥፎ 24 በ36 አደረገው፤ ላይካ የተባለው መኪናም በ1925 ዓ.ም. በዚህ ልክ ወጣ። እንግዲህ ሙሉ የሚባለው እጥፉ ነው፤ ግማሽ የሚባለው ግን ቀድሞ ሙሉ የነበረው ነው። ልጅቱ ይህን በነገረቻቸው ጊዜ መሪጌታው መጀመሪያ ሳቁ፤ ሰሙ ግማሽ፥ ወርቁ ሙሉ ሆኖባቸው። ኋላ ግን ዝም አሉ።

ዝም ያሉበትም ምክንያት አለ። ሁለቱ ወንድማማች በልጅነታቸው በዋሸራ አንድ ጎጆ ቀልሰው፥ አንድ አኩፋዳ ይዘው፥ ቅኔ ይማሩ ነበር። ታላቁ መወድስ ሳይሞሉ ትምህርቱን ትተው ወደ ከተማ፥ ከዚያም ወደ ባሕር ማዶ ሄዱ። ታናሹ በመለያያቸው ቀን «ከግማሽ የቀረ ተማሪ ወንድም የለኝም» አሏቸው። ከብዙ ዘመን በኋላ ተጸጽተው አንድ ጉባኤ ቃና በወረቀት ጽፈው ላኩ። መልስ አልመጣም።

ልጅቱ ከመኪናው ራስ ላይ ያለችውን ቍጥር አሳየቻቸው፤ 51 ላይ ቁማለች። በውስጡ ፊልም አለ፤ ጀርባው ቢከፈት ብርሃን ገብቶ የተሣለውን ሁሉ ያጠፋዋል። እርስዋ ወስዳ እንደ ሆነ ላሳጥበው ብትል፥ መሪጌታው ጥቂት አስበው «ጅምር አይታጠብም፤ ልጨርስለት» አሉ።

የቀረው 21 ነበር። ለመጀመሪያው አንድ ቀን ሙሉ ዋሉ፤ መጨረሻ በደጃቸው የቆመውን ጽድ አነሡ፤ ሲጫኑም እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወዲያ እጃቸው ረጋ። ደቀ መዛሙርቱን፥ ጎረቤቱን፥ የጎረቤቱን በግ ሳይቀር አነሡ፤ በጉንስ ሦስት ጊዜ። ከእያንዳንዱም በኋላ በጀርባው ያለችውን ጥርሳም መንኰራኵር በአውራ ጣት ሲያዞሩ፥ መቍጠሪያ እንደሚቈጥር ሰው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

ፊልሙ ከልጅቱ ጋር ሄዶ ታጠበ። ከርሞ ኖሯልና ከፊተኞቹ የሚበዙት ጉም ለብሰው ወጡ፤ በረዶ የጣለበት መንገድ፥ የልጅቱ የልጅነት ፊት፥ የባቡር ጣቢያ፥ ይህን ይህን ብቻ ለየች። አጣቢው ሥዕሎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በአንድ ወረቀት አትሞ ስለ ነበር፥ 51ኛውና 52ኛው በአንድ ላይ ወጡ፤ የወንድምዬው መጨረሻና የታናሹ መጀመሪያ፥ በመካከላቸው አንዲት ጥቁር መስመር።

በቀኝ በኩል የተንቀጠቀጠው ጽድ አለ። በግራ በኩል በመስኮት አጠገብ በገበታ ላይ የተዘረጋ ወረቀት አለ። ይህ መኪና ከአንድ ሜትር ተኩል ወዲህ ያለውን አጥርቶ አያይምና ፊደሉ አይነበብም፤ ሁለት የጽሕፈት መስመር መሆኑ ብቻ ይታያል። ጉባኤ ቃናም ሁለት ቤት ነው።

ልጅቱ በስልክ «አጎቴ፥ የሱቅ ደረሰኝም ሊሆን ይችላል እኮ» አለቻቸው። መሪጌታው አልተከራከሩም። አጣቢው ጥንዶቹን ከመካከል ቈርጦ ለየብቻ ይስጥ እንደ ሆነ ስትጠይቃቸው ግን፥ ሌላውን እንደ ወደደ ያድርገው፥ ያንን አንዱን እንዳይቈርጥብኝ ብለው አጥብቀው ነገሯት።